ጀማሪዎችን በምን እናስጀምራቸው? ስለ ኮንትራ ዳንስ የጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። ኮንትራ ዳንስ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ሊሰበሰቡ ነው። አንዱ "አንተ ትንሽ ታውቃለህ፣ አስጨፍራቸው" ይባላል። ያ ሰው የትኛውን ጭፈራ እንደሚመርጥ ይጨንቀውና ይጽፍልናል። ስለዚህ የዚህን እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ኮንትራ ዳንስ የአሜሪካ የሕዝብ ጭፈራ ነው። ሥሩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የእንግሊዝ የገጠር ጭፈራ ነው፤ ፈረንሳዮችም የራሳቸውን ጨምረውበታል። ሌላው አሜሪካ ሲተወው የኒው ኢንግላንድ መንደሮች፣ በተለይ ኒው ሃምፕሸር፣ ቨርሞንትና ማሳቹሴትስ፣ አልተዉትም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ራልፍ ፔጅ ያሉ የኒው ሃምፕሸር ኮለሮች እንደገና አነቃቁት። ኮለር የሚባለው ማይክ ይዞ ቀጥሎ የሚመጣውን እንቅስቃሴ የሚጠራው ሰው ነው። ጨፋሪዎቹ ሁለት ረጅም መስመር ሠርተው ይቆማሉ፣ አራት አራት እየሆኑ ይጨፍራሉ፣ አንድ ዙር 64 ምት ነው፣ ዙሩ ሲያልቅ ከአጋራችሁ ጋር አንድ ቦታ ተሻግራችሁ ከአዲስ ጥንድ ጋር ያንኑ ትደግማላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሜሪላንድ ግሌን ኤኮ ፓርክ ውስጥ በ1933 የተሠራው ስፓኒሽ ቦልሩም አለ፤ ኮንትራ ዳንስ ይካሄድበታል፣ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግም ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

"ጤና ይስጥልኝ። በልጄ ትምህርት ቤት የቤተሰብ ምሽት አለ። ኮሚቴው ኮንትራ ዳንስ ይኑር ብሎ እኔን መደበኝ። ወደ ስልሳ ሰው ይመጣል፤ ሐበሻ አለ፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ አሉ፣ አሜሪካውያን አሉ፣ ማንም ግን አያውቀውም። የተሰጠኝ አንድ ሰዓት ነው። 'ቀላል' ተብለው የተጻፉ ጭፈራዎች መዓት ናቸው። በየትኛው ልጀምር?" (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ በኮንትራ አትጀምሪ። የምሽቱ ስም ኮንትራ ዳንስ ይሁን፣ ግን የመጀመሪያው ጭፈራ ትልቅ ክብ ይሁን። ስልሳውም ሰው እጅ ለእጅ ይያያዝ። አዳራሹ ከጠበበ አንዱን ክብ በሌላው ውስጥ ማድረግ ትችያለሽ። ክብ ውስጥ መጨረሻ የሚባል ቦታ የለም። ሁሉም ያይሻል፣ አንቺም ሁሉንም ታያለሽ። ደግሞ የሁሉም ሰው ሁለት እጆች ተይዘዋል፤ የተሳሳተውን የጎኑ ሰው ይዞት ይሄዳል፣ እሱም መሳሳቱን ሳያውቅ ያልፋል። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ደህና ቦታ የለም።

ኩቤክ ካናዳ ውስጥ የሚጨፈር ላ ባስትራንግ የሚባል አለ። እሱን ያዢ። ሁሉም አራት እርምጃ ወደ መሃል ገብቶ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይህንኑ ይደግማል፤ 16 ምት። ክቡ ስምንት እርምጃ ወደ ግራ፣ ስምንት ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ሌላ 16። ከዚያ ስዊንግ አለ፣ ማለትም ሁለት ሰው ተያይዞ ባለበት መሽከርከር፤ በመጨረሻ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ክቡን ተከትሎ መሄድ። 64 ሞላ። በተለመደው አጨፋፈር ስዊንጉ በሌላኛው ጎን ካለው ሰው ጋር ነው፣ ያ ሰውም አዲሱ አጋር ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አጋር አታለዋውጪ። ሕፃኑ ከእናቱ ተነጥሎ እንዳያለቅስ፣ ባልና ሚስት የመጡትም ትንሽ እስኪለምዱ አብረው ይቆዩ። ስዊንጉንም በሁለት እጅ ተያይዞ ቀስ ብሎ በመዞር ተኪው። ምሽቱ ሲሞቅ ያንኑ ጭፈራ መልሰሽ አምጪና ያኔ አጋር አለዋውጪ፤ ሰዉ አስቀድሞ ስለሚያውቀው ማስተማሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል።

ከክቡ በኋላ ጋሎፔድ (ታች በሌላ መልስ ውስጥ ታገኚዋለሽ)፣ ከዚያ ሲሲሊያን ሰርክል (እሱም ታች አለ)፣ ከዚያ ሰዉ ዝግጁ መስሎ ከታየሽ አንድ እውነተኛ ኮንትራ። አንድ ሰዓት ውስጥ አራት ወይም አምስት ጭፈራ ይበቃል። ስምንት ይዘሽ ገብተሽ ስትሮጪ ከምታመሺ አራቱን ሰዉ እየሳቀ ቢጨፍራቸው ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ኮሚቴውን ጠይቂ፤ ቀኑ ሁዳዴ ውስጥ እንዳይወድቅ። ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ምሽት መጋቢት ላይ ማድረግ ይወዳሉ፣ ያኔ ደግሞ ከእኛ ሰው ስንቱ እንደሚቀር ታውቂዋለሽ።

"ሰላም ነው? ኮለርነት እየተለማመድኩ ነው። አምስት እንቅስቃሴ ብቻ ያለበት ጭፈራ መርጬ ለጀማሪዎች ጠራሁት። አዳራሹ ተተራመሰ። ሌዲስ ቼይን ነበረበት፣ ሦስት አራተኛ ዙርም ነበረበት። ጭፈራው የተጻፈበት ካርድ ላይ 'በጣም ቀላል' ይላል። ጭፈራ በወረቀት ላይ እያለ ቀላል መሆኑ በምን ይታወቃል?" (ወጣት፣ ሲያትል)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የሁሉም ነገር ቁልፍ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ። ካርድ ላይ "ቀላል" ብለው የሚጽፉት በየሳምንቱ የሚጨፍሩ ሰዎች ናቸው፣ ለእነሱም እውነት ነው። ጀማሪ ግን የሚቸገረው በእንቅስቃሴው ብዛት አይደለም። የሚቸገረው "አሁን እጄን ለማን ልስጥ? ፊቴንስ ወዴት ላዙር?" ብሎ ለቅጽበት ሲቆም ነው። ስለዚህ ካርዱን ስታነብ እንቅስቃሴ አትቁጠር። እጁን ተከተል።

ክብ ሠርቶ መዞር፣ እጅ ተያይዘው መስመሮች ወደፊትና ወደኋላ ማለት፣ አራቱም አንድ አንድ እጃቸውን መሃል ላይ አገናኝተው የሚዞሩት ስታር፤ በእነዚህ ሁሉ እጅ ተይዟል። ዶ ሲ ዶ ላይ እጅ አይያዝም፣ ግን ሰውየው ከፊቱ ያለውን ሰው ዞሮት መነሻው ላይ ይቆማል፤ ይሄም ደህና ነው። ሌዲስ ቼይን ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች ቀኝ እጅ ተያይዘው ይሻገራሉ፣ የቀሩት ሁለት ቦታ ለቀው ይቀበሏቸዋል፣ ወገባቸውን ይዘው ያዞሯቸዋል። አራት ሰው ሁለት የተለያየ ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። አንዱ ግራ ከገባው አራቱም ይቆማሉ። ራይት ኤንድ ሌፍት ስሩ የሚባለው፣ ማለትም ሁለቱ ጥንዶች ተላልፈው ቦታ የሚቀያየሩበት፣ እሱም ያው ነው። ሄይ የሚባለውማ አራት ሰው እጅ ሳይያያዝ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄድበት ስለሆነ ጨርሶ የሚጨበጥ ነገር የለውም። እነዚህ ሁሉ ውብ ናቸው፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ምሽት የሚመጡ ናቸው።

ቀጥሎ የሚቆምበትን ቦታ እይ። ሙሉ ዙር የዞረ ሰው ራሱ መነሻው ላይ ያገኘዋል። "ሦስት አራተኛ ዙሩ" ስትለው ግን በየት በኩል መቆም እንዳለበት የሚነግረው ነገር የለም፤ አራት ሰው አራት ቦታ ይቆማል። ካርድ ላይ ሦስት አራተኛ ወይም አንድ ተኩል ካየህ ለሌላ ጊዜ አስቀምጠው። አለማንድን፣ ማለትም አንድ እጅ ተያይዞ መዞርን፣ ልምድ ያለው ሰው በስምንት ምት አንድ ዙር ተኩል ይጨርሰዋል። ጀማሪ ስምንቱን ምት ለአንዱ ዙር ብቻ ይፈልገዋል። ጊዜ የሚተርፍበት ጭፈራ ምረጥ። ቀድሞ የደረሰ ያጨበጭባል፣ የዘገየው ግን ቀጣዩን ስለሚያመልጠው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሽበታል።

በጣም የምጠነቀቅበት ሌላ ነገር አለ። ጥንታዊ ኮንትራዎች ውስጥ አንደኛ የሚባለው ጥንድ ብዙ ይሠራል፣ ሁለተኛው ቆሞ ያያል። መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግን ሚናው ይገላበጣል። ያ ሰውዬ አሁን ገና የገባውን ትቶ ሌላ ሥራ ከመጀመሪያው ሊማር ነው። ስለዚህ አራቱም ሰው አንድ ዓይነት ነገር የሚሠራበትን ምረጥ።

ደግሞም ጭፈራው ውስጥ ሁሉም የሚገናኝበት ቦታ ይኑር። ረጅም መስመሮች አብረው ወደፊት ሄደው አብረው ሲመለሱ የጠፋው ሰው ቀና ብሎ ያያል፣ ክፍተቱን ያገኛል፣ ይገባበታል። ይህ ወይም አንድ ጥሩ ክብ የሌለበትን ጭፈራ ለጀማሪ አልጠራም። ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ ጥሩ የጀማሪ ጭፈራ የሚባለው ስህተቱ በራሱ የሚስተካከልበት ነው።

ከመጥራትህ በፊት ቤትህ አራት ሲኒ ጠረጴዛ ላይ አድርግና አንቀሳቅሳቸው። ሁለቱ አንድ ጥንድ፣ ሁለቱ ሌላ ጥንድ። አንዱን ሲኒ ሆን ብለህ በተሳሳተ ቦታ አቁምና ቀጥል። በስምንት ምት ውስጥ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል? ካልቻለ ጭፈራው ቀላል አይደለም።

አሁን ሲሲሊያን ሰርክልን ስጠኝ ካልክ፣ እኔ ለጀማሪ የምሠራው እንዲህ ነው። ጥንድ ከጥንድ ጋር ፊት ለፊት ይቆማል። አዳራሹን ዙሪያውን ይሞላሉ፤ ግማሾቹ ፊታቸው በሰዓት አዟዟር፣ ግማሾቹ በተቃራኒው። አራቱ እጅ ተያይዘው ወደ ግራ ስምንት፣ ወደ ቀኝ ስምንት። ከፊት ለፊት ሰው ጋር ዶ ሲ ዶ ስምንት፣ ከአጋር ጋር ዶ ሲ ዶ ስምንት። ስታር በቀኝ እጅ ስምንት፣ በግራ እጅ ተመልሶ ስምንት። ጥንዶቹ እጅ ተያይዘው ወደፊትና ወደኋላ ስምንት፣ ከዚያ ከፊታቸው ያሉትን በቀኝ ትከሻ በኩል አልፈው አዲስ ጥንድ ጋር ይደርሳሉ። ለማለፉ አራት ምት ይበቃል፣ የቀረው አራት ምት ለሰላምታ ነው። ማንም ጫፍ ላይ ቆሞ አይጠብቅም፣ ጫፍ የለማ። ልምምዱ ያለ ሙዚቃ ከሦስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፣ ከፈጀብህ የተናገርከው በዝቷል ማለት ነው።

"ልጄ የቨርሞንት ልጅ ሊያገባ ነው። የሙሽሪት ቤተሰቦች በሠርጉ ላይ ኮንትራ ዳንስ ይኑር፣ ቨርጂኒያ ሪልም ይጨፈር ይላሉ። ደስ ይለኛል፤ ግን ከእኛ ወገን የሚመጡት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ሀገር ልብስ የለበሱ፣ እንግሊዝኛውም የሚከብዳቸው። እንዳያፍሩብኝ እፈራለሁ።" (አባት፣ ዳላስ)

እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ። አይስጉ፣ ጥሩ ምርጫ ከተደረገ ከምሽቱ የሚታወሰው ይሄ ሊሆን ይችላል።

ቨርጂኒያ ሪልን አሜሪካኖቹ የሚወዱት ብዙዎቹ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ስለተማሩት ነው። ሁለት መስመር ፊት ለፊት ይቆማል፣ አምስት ወይም ስድስት ጥንድ ሆኖ። ወደፊት ሄዶ እጅ መንሣት፣ በቀኝ እጅ መዞር፣ በግራ እጅ መዞር፣ በሁለት እጅ፣ ዶ ሲ ዶ። ከዚያ የፊተኛው ጥንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ በመሃል ይወርዳል፣ ይመለሳል። እስከዚህ ድረስ ለማንም ይሆናል። ችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የፊተኛው ጥንድ አንዴ ከአጋር ጋር በቀኝ ክንድ፣ አንዴ ከሰልፉ ሰው ጋር በግራ ክንድ፣ እንደገና ከአጋር ጋር እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ሁለቱ ይጠፋሉ፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፣ የጠፉትም ሁሉም እያያቸው ነው። እርስዎ የፈሩት እፍረት የሚመጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ኮለሩን "ይህን ክፍል ይተዉልን" ይበሉት። ብዙ ኮለሮች ለጀማሪ ራሳቸው ይተዉታል፣ አይከፋቸውም።

መጨረሻ ላይ ሁለቱ መስመሮች በውጭ በኩል ዞረው ይወርዳሉ፣ የፊተኛው ጥንድ እጁን ከፍ አድርጎ ቅስት ይሠራል፣ ሌሎቹ ከሥሩ ያልፋሉ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ጎንበስ ማለቱ ከባድ ነው። ረጃጅም ወጣቶችን ከፊት ያቁሙ፣ ቅስቱም ከፍ ይላል። በመሃል ሲወርዱ የሚዘሉም አሉ፤ መራመድ ይበቃል። ነጠላው ወገብ ላይ ይታሰር፤ እስክስታ ላይ እንደምናደርገው ማለት ነው።

ወገብ ተያይዞ መሽከርከር ለእኛ ትልልቅ ሰዎች፣ በተለይ ከማያውቁት ሰው ጋር፣ አይመችም። ቅር የሚያሰኝም ይኖራል። ስዊንግ ባለበት ሁሉ በሁለት እጅ መዞር ይግባ። ይህንንም ለኮለሩ አስቀድመው ይንገሩት፣ በመድረኩ ላይ ሆኖ ከሚያውቅ።

የቋንቋውን ጉዳይ በተመለከተ፣ አንድ ሁለቱንም የሚችል ወጣት ከኮለሩ አጠገብ ይቁም። ያለ ሙዚቃ በሚለማመዱበት ጊዜ በአማርኛ ያስረዳ። ሙዚቃው ሲጀመር ግን ሁሉንም መተርጎም አይቻልም፣ ምክንያቱም ጥሪው እንቅስቃሴው ከመጀመሩ በፊት፣ ባለፈው እንቅስቃሴ የመጨረሻ አራት ምቶች ውስጥ መድረስ አለበት። "ወደ ግራ!" "ወደ ቀኝ!" "አጨብጭቡ!" ይበቃል። ሰልፍ ሲሠራም ከሁለቱም ወገን ይደባለቅ፤ የቨርሞንት አክስት ከእርስዎ እህት ጋር ትቁም። የሚያውቀው የማያውቀውን ይመራዋል፣ ዝምድናውም እዚያው ይጀምራል።

ሦስት ጭፈራ፣ ግማሽ ሰዓት። ምግብ እንደተበላ ወዲያው ግን አይሁን።

"የዕቁብ ጓደኛሞች ነን፣ ሁላችንም ሴቶች። አንድ ቀን ተሰብስበን ኮንትራ እንሞክር ብለን ነበር። ቪዲዮዎቹ ግን ወንድ እንዲህ ያድርግ፣ ሴት እንዲህ ታድርግ ይላሉ። ወንድ ከሌለ አይሆንም?" (ቶሮንቶ)

ይሆናል እንጂ! አሁን አሜሪካ ውስጥ ብዙ የኮንትራ ማኅበሮች ወንድና ሴት ማለቱን ትተው ላርክ እና ሮቢን ይላሉ፤ ላርክ በግራ የሚቆመው፣ ሮቢን በቀኝ የሚቆመው ነው። ማንም የፈለገውን ይይዛል። ለእናንተ ግን ይሄም አያስፈልግም። ሁለቱም አጋር አንድ ዓይነት ነገር የሚሠራበትን ጭፈራ ምረጡ፣ ጥያቄው ራሱ ይቀራል።

ጋሎፔድ እንዲህ ያለ ነው። ሁለት መስመር፣ አጋር ከፊት ለፊት። መስመሮቹ ወደፊትና ወደኋላ፣ ከዚያ ከአጋር ጋር ቦታ መለዋወጥ፤ 16 ምት። ያንኑ ደግሞ ወደ ቦታ መመለስ፤ 16። ከአጋር ጋር መዞር፣ በስዊንግም በሁለት እጅም፤ 16። በመጨረሻው 16 የላይኛው ጥንድ በመሃል እየጋለበ ታች ድረስ ይሄዳል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ እዚያው ታች ይቀራል። አዲስ የላይኛ ጥንድ አለ። እልልታም ካከላችሁበት ከልካይ የለም። ስድስት ጥንድ ከሆናችሁ በስድስት ዙር ሁሉም ተራው ይደርሰዋል፣ ይህም ከአራት ደቂቃ ያነሰ ነው። ብዙ ከሆናችሁ ሁለት ሰልፍ ሥሩ፤ አሥራ ሁለት ጥንድ በአንድ ሰልፍ ከሆነ የታችኞቹ ተራቸው ሳይደርስ ይሰለቻቸዋል።

"በአበሻ ዘፈን ኮንትራ ዳንስ መጨፈር ይቻላል? ፊድሉ (ኮንትራ የሚታጀብበት ቫዮሊን) ትንሽ ሰልችቶናል።" (ቦስተን)

ለኮንትራው እንኳ ፊድሉን አትተዉት። የኮንትራ ዜማ አቆራረጡ የተወሰነ ነው። የመጀመሪያው ክፍል 16 ምት፣ ሁለት ጊዜ፤ ሁለተኛው ክፍል 16 ምት፣ ሁለት ጊዜ። ጆሮ ዜማው ሲቀየር ይሰማል፣ እግርም "አሁን አዲስ ነገር መጣ" ብሎ ይነሣል። ጀማሪን ግማሹን መንገድ የሚመራው ኮለሩ ሳይሆን ይሄ ነው። በእኛ ዘፈኖች ዘፋኙ ስንኙን እንደ ስሜቱ ያስረዝመዋል፣ መሃል ላይ ማሲንቆው ወይም ሳክስፎኑ ይገባል። ዘፈኑ የሚያምረውም በዚህ ነው፤ ግን ስድሳ አራቱ ምት ላይ አይገጥምም፣ ሰዉ ስታር ውስጥ እያለ ዜማው ሌላ ቦታ ይሆናል።

ቁጥር የማይጠይቅ ጭፈራ ላይ ግን በደንብ ይሠራል። ሁሉም እጅ ተያይዞ ክብ ይሠራል፣ አንዱ ሰው የአንዱን ጎን እጅ ይለቅና መስመሩን እየመራ ወደ ውስጥ ይጠመጥመዋል፣ መሃል ሲደርስ ተመልሶ ይፈታዋል። የሚመራው ሰው በዓይኑ ነው የሚመራው፤ የትም ምት ላይ ቢጀምር፣ የትም ቢያቆም ችግር የለም። ትግርኛ ጭፈራ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከበሮውን እየተከተሉ በክብ መዞር አዲስ አይሆንበትም። ምሽቱን በዚህ ክፈቱት። ሰው በሚያውቀው ዘፈን እጅ ከተያያዘ በኋላ ፊድሉ ሲመጣ አይደነግጥም።

የተቀረጸ ሙዚቃ የምትጠቀሙ ከሆነ ፍጥነቱን እዩ። ልምድ ያላቸው ሰዎች በደቂቃ ከ115 እስከ 120 ምት ይጨፍራሉ፤ ለጀማሪ 108 ወይም 110 ላይ አውርዱት። በዚያ ፍጥነት አንድ ዙር 35 ሰከንድ ገደማ ነው፣ ስለዚህ አሥር ዙር ለመጨፈር ስድስት ደቂቃ የሚሆን ሙዚቃ ያስፈልጋችኋል። ከመምረጣችሁ በፊት ደግሞ እስከ መጨረሻው ቁጠሩት፤ አንዳንድ የድሮ ዜማ አንድ ሁለት ምት ተጨምሮበት ወይም ተቀንሶበት ይገኛል፣ እሱ ለጀማሪ አይሆንም።

"መሃል ላይ ሁሉም ነገር ቢበላሽ ምን ላድርግ? ደግሞስ እውነተኛውን ኮንትራ መቼ ልስጣቸው?" (የኮሌጅ ተማሪ፣ አትላንታ)

ሲበላሽ አታስረዳ። ሙዚቃው እየሄደ ማስረዳት ማንም አይሰማውም፣ የጠፋውን ሰው ደግሞ ይበልጥ ያሳፍረዋል። በረጋ ድምፅ የሚቀጥለውን "መስመሮች ወደፊት!" ጠብቀህ ጥራ፣ አብዛኛው ሰው እዚያ ይመለሳል። በሁለት ዙር ካልተመለሰ ሙዚቃውን አስቁም፣ "ደስ የሚል ነበር፣ አመሰግናለሁ" በል፣ ወደ አንድ ክብ አምጣቸው። ያንን ጭፈራ መልሰህ አታስተምር፤ ምርጫው አልገጠመም፣ በቃ።

ኮንትራውን የምትሰጣቸው ሲሲሊያን ሰርክሉን ሳትጠራላቸው መጨፈር ሲጀምሩ ነው። ዝም ብለህ እይ፤ ከንፈርህን ሳይሆን አጋራቸውን እያዩ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ከዚያ አዲስ ጭፈራ አትፈልግ። ያንኑ የሲሲሊያን ሰርክል ጭፈራ በረጅም ቀጥ ባለ ሰልፍ አሰልፋቸውና ድገመው፤ አሁን ኮንትራ ሆኗል። አዲሱ ነገር ጫፉ ብቻ ነው። ጫፍ የደረሰ ጥንድ አንድ ዙር ቆሞ ያርፋል፣ ከአጋሩ ጋር ቦታ ይለዋወጣል፣ ፊቱን ወደ ሰልፉ ያዞራል፣ ተመልሶ ይገባል። ጀማሪ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ወይ ቦታ መቀየሩን ይረሳል፣ ወይ ጨዋታው ያለቀ መስሎት ሄዶ ይቀመጣል። ስለዚህ በሰልፉ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ የሚያውቅ ሰው አቁም፣ የማይጨፍር፣ ሥራው የደረሱትን "ቦታ ተለዋወጡ፣ ዙሩ" ማለት ብቻ የሆነ።